የተሽከርካሪ ጉልበት መንገድ በሚይዝ ጎማ ካልታገዘ ዋስትና አይሆንም

ከለገጣፎ ተነስቶ በካራ በኩል ወደ አዲስ አበባ የሚያስገባው መንገድ በሥራ ቀናት ማለዳ ፋታ የለውም። በከተማዋ ኖረው በመዲናዋ መሥሪያ ቤቶች የሚያገለግሉ ሠራተኞችን የሚያመላልሱ ሰርቪሶች፣ ወደ መስክ የሚወጡ ፒካፖች፣ የግል አውቶሞቢሎችና ከግንባታ ሥፍራ የሚወጡ ገልባጭ መኪናዎች በአንድነት ይጓዙበታል። በክረምት ወራት ገልባጮቹ ከጎማቸው የሚያራግፉት የመረሬ ጭቃ ከዝናቡ ጋር ሲቀላቀል በአስፋልቱ ላይ ቀጭን አንሸራታች ንጣፍ ይሠራል። በዚህ ንጣፍ ላይ አንድ መኪና ተንሸራቶ ከመንገድ ሲወጣ በአብዛኛው የሚወቀሰው መንገዱ ወይም አሽከርካሪው ነው። መኪናውን ከመንገዱ ጋር ስለሚያገናኘው ብቸኛ አካል፣ ማለትም ስለ ጎማው፣ የሚጠይቅ ግን እምብዛም አይገኝም።

ችግሩ በለገጣፎ ብቻ የሚወሰን አይደለም። በ2015 ዓ.ም በተዋቀረው የሸገር ከተማ አስተዳደር ከተጠቃለሉት የአዲስ አበባ ዙሪያ ከተሞች መካከል ሱሉልታ ለመድረስ ከአዲሱ ገበያ በኋላ የእንጦጦን ሰንሰለት መሻገር ያስፈልጋል። ቡራዩ በአምቦ፣ ሰበታ ደግሞ በጅማ መውጫ መንገድ ላይ የሚገኙ በመሆናቸው ከባድ ጭነት ተሽከርካሪዎች ከትናንሽ አውቶሞቢሎች ጋር የሚጋፉባቸው ናቸው። በየከተሞቹ ውስጥ ለውስጥ የተነጠፈው ኮብልስቶንም በጎማ ብዛት እየለሰለሰ ስለሚሄድ ዝናብ ሲነካው ያዳልጣል። አቀበት፣ ቁልቁለት፣ ጠመዝማዛ፣ ጭቃና ለስላሳ ድንጋይ በጥቂት ኪሎ ሜትሮች ውስጥ የሚፈራረቁባቸው እነዚህ መንገዶች የጎማን አቅም በየዕለቱ ይፈትናሉ።

ጉዳዩ ዛሬ ይበልጥ ትኩረት የሚሻው በተሽከርካሪዎቹ ዓይነት ላይ በመጣው ለውጥ ምክንያት ነው። የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር በጥር 2016 ዓ.ም በኤሌክትሪክ ከሚሠሩት በስተቀር ሌሎች አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን ካስታወቀ ወዲህ በመዲናዋና በዙሪያዋ የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪዎች ቁጥር ጨምሯል። ከዚህ ጋር ተያይዞ ቀደም ሲል በጥቂት ውድ መኪናዎች ብቻ ይገኝ የነበረ ጉልበት ዛሬ ተራ በሚባል የቤት መኪና ውስጥ ይገኛል።

የደጋው አየር የማይቀንሰው ጉልበት

በነዳጅ የሚሠራ ሞተር ኃይል የሚያመነጨው ነዳጁን ከአየር ጋር አቀላቅሎ በማቃጠል ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ በአማካይ 2 ሺህ 400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የምትገኝ በመሆኗ አየሩ ስስ ነው። በዚህም ሳቢያ ተርቦ ያልተገጠመለት ሞተር ፋብሪካው ከመዘገበለት ጉልበት ከአምስት እጅ አንዱን ያህል ወይም ከዚያም በላይ ያጣል። በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ለረጅም ዓመታት ያገለገሉት ባለ 4 ነጥብ 2 ሊትር የናፍጣ ላንድክሩዘሮች ወደ 130 የፈረስ ጉልበት የሚጠጋ ኃይል ቢመዘገብላቸውም፣ በእንጦጦ አቀበት ላይ የሚያወጡት ከዚያ በእጅጉ ያነሰ ነው። የደጋው አየር ሳይታወቅ እንደ ልጓም ያገለግል ነበር ማለት ይቻላል።

የኤሌክትሪክ ሞተር ግን አየር አይስብም፤ ስለዚህ ከፍታ ጉልበቱን አይቀንስበትም። ለአብነት በአገራችን ጎዳናዎች በብዛት የሚታየው ቮልስዋገን አይዲ 4 በኋላ ጎማዎቹ የሚገፋው ዓይነት 150 ኪሎ ዋት፣ ማለትም 204 የፈረስ ጉልበት ያህል ኃይልና 310 ኒውተን ሜትር የማዞር ጉልበት አለው። ከዚህም በላይ የናፍጣ ሞተር ሙሉ ጉልበቱን የሚሰጠው ዙሩ ከፍ ካለ በኋላ ሲሆን፣ የኤሌክትሪክ ሞተር ግን ሙሉ የማዞር ጉልበቱን ገና ከቆመበት ሲነሳ ያቀርባል። በመካከል ፍሪሲዮን ረግጦ ማርሽ መለወጥ ስለሌለም እግር በፔዳሉ ላይ ያሳረፈው ጫና ያለ መዘግየት ወደ ጎማው ይተላለፋል።

በክብደት ረገድም ልዩነት አለ። የኤሌክትሪክ መኪና ባትሪ ብቻውን በመቶዎች የሚቆጠር ኪሎ ግራም ስለሚመዝን መኪናው ተመሳሳይ መጠን ካለው የነዳጅ መኪና ይከብዳል። ተጨማሪው ጉልበትና ተጨማሪው ክብደት ሁለቱም የሚያርፉት በጎማው ላይ ነው። የኤሌክትሪክ መኪና ጎማ ፈጥኖ ማለቁም ከዚሁ የመነጨ ነው።

አራት መዳፍ የሚያህል ቦታ

የማንኛውም መኪና ጎማ መሬቱን የሚነካው በጣም በጠበበ ቦታ ነው። 2 ሺህ ኪሎ ግራም የሚመዝን መኪና ክብደቱ ለአራቱ ጎማዎች እኩል ቢከፋፈል እያንዳንዱ ጎማ 500 ኪሎ ግራም ይሸከማል። የጎማው የአየር ግፊት 35 ፒ.ኤስ.አይ አካባቢ ከሆነ፣ ይህን ክብደት ለመሸከም መሬቱን የሚነካበት ስፋት 200 ካሬ ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። ይህም ከአንድ ጎልማሳ ሰው የተዘረጋ እጅ ብዙ አይበልጥም። መኪናው የሚነሳው፣ የሚቆመውና የሚታጠፈው በእነዚህ አራት መዳፎች አማካይነት ብቻ ነው።

እያንዳንዱ መዳፍ ያለው መንገድ የመያዝ አቅም ውሱን ሲሆን፣ አሠራሩም ከዓመታዊ በጀት ጋር ይመሳሰላል። ጎማው ለመግፋት፣ ለማቆምና ለመታጠፍ የሚያውለው ኃይል የሚወጣው ከአንድ ቋት ነው። አሽከርካሪው በጠመዝማዛ ላይ ፍሬኑን አጥብቆ ቢረግጥ ለማቆም የዋለው ኃይል ለመታጠፍ ከተያዘው ላይ ይቀነሳል፤ መሪው ቢጠመዘዝም መኪናው ፊት ለፊት መንሸራተቱን ይቀጥላል። የኋላ ጎማው የሚገፋ ብርቱ መኪና ደግሞ በመታጠፍ ላይ ሳለ ፔዳሉ በድንገት ቢረገጥ የኋላ ጎማዎቹ ቋት ለመግፋት ተሟጥጦ ያልቃል፤ የመኪናው የኋላ ክፍልም ወደ ጎን ይወጣል። በቋቱ ውስጥ የሌለ ነገር ወጪ ሊደረግ እንደማይችል ሁሉ፣ ጎማው የሌለውን ኃይል ሞተሩ ሊሰጠው አይችልም።

ጭነት ሳይዝ የሚጓዝ ፒካፕም ለዚህ ችግር የተጋለጠ ነው። የእነዚህ መኪናዎች የኋላ ሞላ የተሠራው ጭነት እንዲሸከም በመሆኑ ባዶ ሲሆን ይደርቃል፤ የኋላ ጎማዎቹም ላይ የሚያርፈው ክብደት ያንሳል። ወደ መስክ አንድ ሠራተኛ ብቻ ይዞ የሚወጣ ፒካፕ በረጠበ ኮብልስቶን ላይ ኋላው የሚያፈተልከው በዚህ ምክንያት ነው።

ቁጥሮቹ የሚናገሩት

በደረቅ ጥሩ አስፋልት ላይ በጎማና በመንገድ መካከል ያለው የሰበቃ ልክ 0.8 አካባቢ ነው። አስፋልቱ ሲረጥብና ጎማው ሲያረጅ ወደ 0.4 ሊወርድ ይችላል፤ ቀጭን ጭቃ በለበሰ አስፋልት ላይ ደግሞ 0.2 ድረስ ሊያንስ ይችላል። በእነዚህ ልኮች መሠረት በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ መኪና ፍሬን ከያዘ በኋላ ለመቆም የሚያስፈልገው ርቀት ሲሰላ በደረቁ 18 ሜትር፣ በረጠበው 35 ሜትር፣ በጭቃው ላይ 71 ሜትር ያህል ይሆናል። ይህም በደልዳላ መንገድ ላይ ነው። ረጥቦ 8 በመቶ ተዳፋት ባለው ቁልቁለት ላይ 35 ሜትር የነበረው ወደ 44 ሜትር ከፍ ይላል። አሽከርካሪው አደጋውን አይቶ ፍሬኑን እስኪረግጥ ባለችው አንድ ሴኮንድ መኪናው የሚጓዘው 17 ሜትር ገደማ በሁሉም ላይ ይደመራል።

በጠመዝማዛ ላይም ስሌቱ ተመሳሳይ ትምህርት ይሰጣል። የመዞሪያ ራዲየሱ 50 ሜትር በሆነ ኩርባ ላይ መኪና ሳይንሸራተት ሊያልፍ የሚችልበት የመጨረሻው ፍጥነት በደረቁ በሰዓት 71 ኪሎ ሜትር ሲሆን፣ በረጠበው 50፣ በጭቃው ደግሞ 36 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በዚህ ስሌት ውስጥ የሚገቡት የኩርባው ስፋትና የሰበቃው ልክ ብቻ ናቸው። የመኪናው የፈረስ ጉልበትም ሆነ የዋጋው ውድነት በስሌቱ ውስጥ ሥፍራ የለውም። ባለ ብዙ ጉልበት መኪና ኩርባው ዘንድ ቶሎ ይደርሳል እንጂ ኩርባውን በተሻለ ፍጥነት አያልፍም።

ዝናብ በጀመረባቸው የመጀመሪያ ደቂቃዎች መንገዱ ከሌላው ጊዜ ይበልጥ ማዳለጡም ሊታወቅ ይገባል። በበጋው በአስፋልቱ ላይ የተጠራቀመው አቧራ፣ ዘይትና የጎማ ብናኝ ከጥቂት ውኃ ጋር ሲቀላቀል ቅባት ይሆናል። ዝናቡ በርትቶ እስኪያጥበው ድረስ ፍጥነት መቀነስና ርቀት መጠበቅ አማራጭ የለውም።

የጎማ ጥርስና የአየር ግፊት

የጎማ ጥርስ ዋነኛ ተግባር ውኃን ከጎማው ሥር ጠርጎ ማስወጣት ነው። የአዲስ አውቶሞቢል ጎማ ጥርስ ጥልቀት በአብዛኛው 8 ሚሊ ሜትር አካባቢ ሲሆን፣ በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ከ1.6 ሚሊ ሜትር በታች የወረደ ጎማ በመንገድ ላይ እንዲውል አይፈቀድም። በጎማው ዋና ዋና ቦዮች ውስጥ በየቦታው ከፍ ብለው የሚታዩት ትናንሽ ጉብታዎች ይህንኑ ወሰን የሚያመለክቱ ናቸው። ጥርሱ ከጉብታዎቹ ጋር እኩል ከሆነ ጎማው አገልግሎቱን ጨርሷል። በዝናብ ጊዜ ያለው አቅም ግን ከዚህ ወሰን ቀደም ብሎ ስለሚዳከም እስከ መጨረሻው መጠበቅ አይመከርም።

ውኃው ካልተጠረገ ጎማው በውኃው ላይ ይንሳፈፋል። በዚህ ጊዜ መሪውም ሆነ ፍሬኑ ይከዳል። የአሜሪካው የሕዋ ምርምር ተቋም ናሳ በ1963 እ.ኤ.አ ይፋ ባደረገው ጥናት ጎማ በውኃ ላይ መንሳፈፍ የሚጀምርበት ፍጥነት ከአየር ግፊቱ ጋር ቀጥተኛ ትስስር እንዳለው አሳይቷል። በዚሁ ቀመር መሠረት ጥርሱ ያለቀ ወይም ከጥርሱ ጥልቀት በላይ ውኃ ውስጥ የገባ ጎማ 36 ፒ.ኤስ.አይ ግፊት ሲኖረው በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ግፊቱ ወደ 25 ሲወርድ ደግሞ በሰዓት 83 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ይንሳፈፋል። በሰዓት እስከ 120 ኪሎ ሜትር በሚፈቀድበት የአዲስ አበባ - አዳማ የፍጥነት መንገድ ላይ ለሚመላለሱ የመሥሪያ ቤት መኪናዎች ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም።

ትክክለኛው የአየር ግፊት መጠን በአብዛኛው በአሽከርካሪው በር ጠርዝ ላይ በተለጠፈው ሰሌዳ ተጽፎ ይገኛል። በጎማው ጎን ላይ የተጻፈው ቁጥር ግን ጎማው ሊሸከም የሚችለው ከፍተኛው ግፊት እንጂ ለመኪናው የሚመከረው አይደለም። ሁለቱን በማምታታት ጎማን ከልክ በላይ ማስነፋት በየጎሚስታው የሚታይ ስህተት ሲሆን፣ መሬቱን የሚነካውን መዳፍ ያጠብበዋል። ግፊቱ ሲያንስ ደግሞ የጎማው ጎን እየተጣጠፈ ይግላል፤ መሪውም ይዘገያል፤ ጎማውም ጠርዝ ጠርዙን ያልቃል።

ልኬቱ መወሰድ ያለበት ማለዳ፣ መኪናው ከመንቀሳቀሱ በፊት ነው። የአየሩ ሙቀት በ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲለወጥ የጎማው ግፊት በ1 ነጥብ 5 ፒ.ኤስ.አይ ገደማ ይለወጣል። በከፍታ ለውጥ ምክንያትም በአዳማ የተለካ ጎማ አዲስ አበባ ሲደርስ አንድ ፒ.ኤስ.አይ ያህል ጨምሮ ሊነበብ ይችላል። በአንድ ቀን ከቆላ ወደ ደጋ የሚመላለስ መኪና መድረሻው ላይ አድሮ ሲቀዘቅዝ እንደገና ሊለካ ይገባል።

በጎማው ጎን ላይ የተጻፈው ምሥጢር

በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች በብዛት በሚታዩት ፕራዶና ሃይሉክስ መኪናዎች ጎማ ላይ 265/65 አር 17 112 ኤስ የሚል ጽሑፍ ሊነበብ ይችላል። 265 የጎማውን ስፋት በሚሊ ሜትር፣ 65 የጎኑ ከፍታ ከስፋቱ ያለውን መቶኛ፣ አር የጎማውን የራዲያል አሠራር፣ 17 የቸርኬውን መጠን በኢንች ያመለክታሉ። 112 የጭነት መለኪያ ሲሆን አንዱ ጎማ 1 ሺህ 120 ኪሎ ግራም መሸከም እንደሚችል ያሳያል። ኤስ ደግሞ በሰዓት እስከ 180 ኪሎ ሜትር ፍጥነት የሚችል መሆኑን ይገልጻል። በኤሌክትሪክ መኪና ላይ የጭነት መለኪያውን ዝቅ አድርጎ ተመሳሳይ መጠን ያለው ርካሽ ጎማ መግጠም ከአደጋዎች ሁሉ የማይታየው ነው፤ ምክንያቱም ጎማው ከቸርኬው ጋር በልክ ስለሚገጥም ስህተቱ በዓይን አይለይም።

ሌላው የሚነበበው የምርት ዘመኑ ነው። ዶት ከሚለው ምልክት ተከትለው ከሚመጡት መካከል የመጨረሻዎቹ አራት አሃዞች ሳምንቱንና ዓመተ ምሕረቱን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ያሳያሉ። ለምሳሌ 2319 ማለት በ2019 እ.ኤ.አ በ23ኛው ሳምንት የተመረተ ማለት ነው። ላስቲክ በጊዜ ብዛት እየደረቀ ስለሚሄድ በመጋዘን ለዓመታት የተቀመጠ ጎማ ጥርሱ ሙሉ ቢሆንም መንገድ የመያዝ አቅሙ አዲስ አይደለም። ለዓመታት ሳይነካ የተሰቀለ ስኮርታም በዚሁ መንገድ ሊመረመር ይገባል።

የአራት ጎማ ኃይልና የኤሌክትሮኒክስ እገዛ ወሰን

በአራቱም ጎማ የሚገፋ መኪና በሁሉም ሁኔታ አስተማማኝ ነው የሚል አስተሳሰብ በብዙዎች ዘንድ ሰፍኗል። አራቱንም ጎማ ማስገፋት መኪናው ከጭቃ እንዲወጣና አቀበት እንዲወጣ ይረዳል፤ በማቆም ጊዜ ግን ማንኛውም መኪና ፍሬን የሚይዘው በአራቱም ጎማ በመሆኑ ተጨማሪ ጥቅም አይሰጥም። እንዲያውም በቀላሉ መነሳቱ አሽከርካሪውን አዘናግቶ መንገዱ ማዳለጡን ዘግይቶ እንዲረዳ ሊያደርገው ይችላል።

ጎማ በፍሬን ጊዜ እንዳይቆለፍ የሚከላከለው ኤ.ቢ.ኤስ፣ በመነሳት ጊዜ እንዳይሽከረከር የሚገታው መሣሪያና መኪናው ከአቅጣጫው እንዳይወጣ የሚቆጣጠረው ሥርዓት የብዙዎችን ሕይወት የሚታደጉ ናቸው። ሆኖም ሁሉም የሚሠሩት ጎማው ያለውን አቅም በአግባቡ በመመደብ እንጂ አዲስ አቅም በመፍጠር አይደለም። በልቅ ጠጠር መንገድ ላይ ኤ.ቢ.ኤስ የመቆሚያውን ርቀት ሊያስረዝም እንደሚችልም መታወቅ አለበት። የኤሌክትሪክ መኪና እግር ከፔዳሉ ሲነሳ ኃይል እየሰበሰበ ፍጥነቱን የሚቀንስበት አሠራርም በጭቃማ ቁልቁለት ላይ የሚገፉትን ጎማዎች ሊያንሸራትት ስለሚችል፣ መቀነሻ ያላቸው መኪናዎች በዝናብ ወቅት ዝቅተኛውን ደረጃ ቢጠቀሙ ይመረጣል።

ከመሥሪያ ቤቶች የሚጠበቀው

የተሽከርካሪው ዓመታዊ ምርመራ ቦሎ ለመለጠፍ በዓመት አንድ ጊዜ የሚከናወን ሲሆን፣ ጎማ ግን በአንድ ክረምት ውስጥ ከጥሩ ወደ አደገኛ ሊለወጥ ይችላል። በመሆኑም ኃላፊነቱ በየመሥሪያ ቤቱ የስምሪትና የጥገና ክፍሎች ላይ ያርፋል። በየሳምንቱ የአየር ግፊትን፣ በየወሩ ደግሞ የጥርስ ጥልቀትን ለክቶ በተሽከርካሪው መዝገብ ላይ ማስፈር ብዙ ወጪ የማይጠይቅ ሥራ ነው። የጎማ አቀማመጥ ማስተካከያና ባላንስ በየጊዜው ማሠራት፣ የሞላና የሾክ አብዞርበር ጉድለትን ሳይውል ሳያድር ማስጠገንም ተያይዞ የሚታይ ነው። ያረጀ ሾክ አብዞርበር ጎማው በጎርባጣ መንገድ ላይ እየነጠረ ከመሬት እንዲለይ ያደርጋል፤ መሬት ያልነካ ጎማ ደግሞ ምንም አይዝም።

ሁለት ጎማ ብቻ መለወጥ ሲያስፈልግ አዲሶቹ በኋላ በኩል ቢገጠሙ ይመከራል። የፊት ጎማ ሲንሸራተት አሽከርካሪው በመሪው ላይ ስለሚሰማው ፍጥነቱን ለመቀነስ ጊዜ ሊያገኝ ይችላል፤ የኋላው ሲንሸራተት ግን መኪናው ሊሾር ስለሚችል ለማስተካከል አዳጋች ነው። በአንድ አክስል ላይ የተለያየ ዓይነትና የተለያየ ዕድሜ ያላቸውን ጎማዎች ማጣመርም ሊወገድ ይገባል።

የግዥ ክፍሎች ድርሻም የላቀ ነው። በጨረታ ሰነድ ላይ የጎማው መጠን ብቻ ተጽፎ ዝቅተኛው ዋጋ አሸናፊ ሲሆን የጭነት መለኪያው፣ የፍጥነት ደረጃውና የምርት ዘመኑ ከቁጥጥር ውጪ ይሆናሉ። እነዚህ ሦስቱ በቴክኒክ ዝርዝሩ ውስጥ በግልጽ ቢካተቱና ርክክብ በሚደረግበት ጊዜ በጎማው ጎን ላይ ከተጻፈው ጋር ቢመሳከሩ፣ መሥሪያ ቤቱ ገንዘቡን ለረጅም አገልግሎት ያውለዋል።

ከነዳጅ ወደ ኤሌክትሪክ ለሚሸጋገሩ አሽከርካሪዎች አጭር የልምምድ ጊዜ መስጠትም ተገቢ ነው። ፔዳሉን በዝግታ መርገጥ፣ ኩርባ ከመግባት በፊት ፍጥነትን ቀንሶ መጨረስና ከኩርባው ሲወጡ ብቻ ቀስ በቀስ ጉልበት መጨመር በጥቂት ቀናት ሊለመዱ የሚችሉ ናቸው። የበላይ ኃላፊዎችም በበኩላቸው ለስብሰባ እንዳይረፍድ አሽከርካሪውን ከማጣደፍ ሊቆጠቡ ይገባል። በካራ ቁልቁለት በዝናብ ጊዜ የሚገኘው የአምስት ደቂቃ ትርፍ ከሚጠይቀው መሥዋዕትነት ጋር የሚመጣጠን አይደለም።

መንገዶች እየሰፉ፣ ተሽከርካሪዎችም እየበረቱ መሄዳቸው የሚደገፍ ዕድገት ነው። ይሁንና ማለዳ ከለገጣፎ፣ ከሱሉልታ፣ ከቡራዩና ከሰበታ ተነስቶ ወደ ሥራው የሚያመራው ሠራተኛ ማታ በሰላም ወደ ቤቱ መመለሱ የሚወሰነው በመኪናው ጉልበት ሳይሆን መሬቱን በያዙት አራት መዳፎች ነው። እነዚህን መጠበቅ የሕዝብን ሀብት ብቻ ሳይሆን የሕዝብን አገልጋይም መጠበቅ ነውና የሚመለከታቸው ሁሉ ከክረምቱ መግባት በፊት ጎማዎቻቸውን ጎንበስ ብለው ሊመለከቱ ይገባል።